የአቤት ባይዋ እህት

በምድረ ናርዳ ፀሐይ ሁለት ቀለበት አጥልቃ በወጣችበት ማለዳ፣ የአቤቱታው ደወል ከቤተ መንግሥቱ በር ጠፋ። ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ወጡ። የሸንጎው ሜዳ ሣር ነፋስ በሌለበት ተኛ። የበሩ ዘበኛም ባዶውን ሰንሰለት ሲያይ፣ የገዛ ጆሮው የተቆረጠ ይመስል ሁለት እጁን ወደ ራሱ ሰደደ።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የናርዳ ነገሥታት ዘውድ የሚደፉት ደወሉን ዳስሰው «ይህ ሲጮህ እወጣለሁ፤ ሳልሰማም አልገባም» ብለው ከማሉ በኋላ ነበር። ደወሉን የሚያስጮኸው ደግሞ መዶሻ አይደለም፤ የአቤት ባይ ድምፅ ነው። አቤት ባዮች ማለት የራሳቸው እርሻ ሳይነጠቅ፣ የራሳቸው ወንድም ሳይታሰር፣ ለተነጠቀውና ለታሰረው የሚጮኹ ሰዎች ናቸው። ደወሉ በቦታው እስካለ ድረስ ማንም አይነካቸውም ነበር፤ አቤት ባይን መምታት የንጉሡን ጆሮ መምታት ነውና።

ደወሉ በጠፋ ማግሥት ራስ ደምሳሽ ልሳን በሉን ፈታው። ራስ ደምሳሽ የሸማኔዎቹን ምንጭ በጉልበት አጥሮ የያዘ፣ «ውኃችንን» ያሉትን ገድሎ ገደል የሰደደ መስፍን ነው። ልሳን በል ደግሞ የጅብ ትከሻና የአሞራ አንገት ያለው አውሬ ሲሆን፣ ሥጋ አይነካም፤ ድምፅ ይውጣል። የናርዳን አቤት ባዮች እያደነ ድምፃቸውን ዋጠው። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ነገር ግን አይናገሩም። የራስ ደምሳሽ አዋጅ ነጋሪዎችም በየገበያው «አቤት ባይ የባዕድ ሰላይ ነው! ማን ወከለው?» እያሉ ዞሩ። ትናንት አቤት ባይን ደጅ ወጥቶ የሚቀበለው ሰው ዛሬ ውሻውን ፈታበት።

የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እልፍነሽ። እልፍነሽ ደግሞ የትርንጎ ታናሽ እህት ናት፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ትርንጎ ጦር ስትወረውር በአየር ላይ ያለ ሎሚ ትሰነጥቃለች። ምላሷ ግን ከጦሯ ይብሳል። ወንዱ ሁሉ ጦሯን ያደንቃል፤ ምላሷን ይሸሻል። እልፍነሽ ቀጭን ናት፤ በነጎድጓድ የምትደነግጥ፣ ውሻ ሲጮህ የእህቷን ቀሚስ የምትይዝ። ይህችው ፈሪ ሴት ሸንጎ ፊት ስትቆም ሽማግሌው ያለቅሳል፣ እናቶች ጉልበቷን ይስማሉ፣ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን እንደ እሷ ይሠራሉ።

«በእኔ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው አፍ የፈታችው» ትላለች ትርንጎ በልቧ። «አሁን ሀገሩ በአፏ ይምላል። የጀርባው ወሬ የለም!»

ደወሉ የት እንዳለ የታወቀው በአያ ጎርፉ በኩል ነው። አያ ጎርፉ ሽበታም የበቅሎ ነጂ ሲሆን፣ የራስ ደምሳሽ ሰዎች በቆዳ የተጠቀለለ ከባድ ጭነት ወደ ዝም አምባ አስጭነውት ነበር። «በቅሎዬ ዳገቱን ሁሉ አለቀሰች» አለ ሸንጎ ላይ ቆሞ። «በቅሎ የሚያስለቅስ ጭነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንገዱንም እኔው እመራለሁ።»

እልፍነሽ ተነሣች። «ደወሉን መዶሻ አይሰብረውም፤ አቤት ባይ ከፊቱ ቆማ ከጮኸች ካለበት ይነቃል። እሄዳለሁ» አለች። ሜዳው በእልልታ ተናጠ።

በናርዳ ልማድ አቤት ባይ ወደ አደጋ ብቻዋን አትላክም። አንድ ሰው ቁራኛዋ ይሆናል፤ ከሁለቱ ኩታ ጥለት ይቀደድና ቁራጮቹ በማይፈታ ቋጠሮ ታስረው በአንገቷ ይንጠለጠላሉ። ቁራኛውም «ወደ አንቺ የተወረወረ በእኔ ይረፍ» ብሎ ይምላል። ቋጠሮው ከልብ ከሆነ ጦሩም፣ መርዙም፣ አስማቱም በቁራኛው ላይ ያርፋል።

የሸንጎው ሽማግሌ «ቁራኛዋ ማን ይሁን?» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። ትሆኛለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ከእህቷ ሌላ ማን አለና! ጥለቱን ቀድደው በእጇ አኖሩላት፤ ዓይናቸው ግን እልፍነሽ ላይ ነበር። ትርንጎ ቁራጮቹን ይዛ አፍታ ቆመች። እኔ ልሙት፣ እሷ ትወደስ?

ቋጠረች። ግን የቋጠረችው በቅሎ ነጂዎች ጭነት የሚያስሩበትን ቋጠሮ ነው፤ ላይ ላዩን የማይፈታ የሚመስል፣ ጫፉ ሲሳብ የሚተረተር። ቃሉንም በአፏ ብቻ ማለች። ሕዝቡ እልል አለ። አያ ጎርፉ ብቻ እልል አላለም።

መንገዱ በሾህና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላ ነበር። በየደረሱበት መንደር በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ሰዉ የራስ ደምሳሽን ሰላይ ይፈራል። በአንዱ መንደር ግን አንዲት ደፋር ባልቴት አስገባቻቸው። ለእልፍነሽ አልጋዋን ለቀቀች፣ ማር በወተት አቀረበች፣ እግሯን አጠበች። ወደ ትርንጎ ዞራም «አንቺ ልጅ፣ እስቲ በቅሎዋን ገለባ አቅምሻት» አለቻት።

«እሺ እማማ» አለች ትርንጎ። «በቅሎዋ ከጠገበች በኋላ የተረፈውን እኔ ልብላው?»

አያ ጎርፉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። እልፍነሽ ማሩን ይዛ ወጣች። «እታለም፣ እንቺ፤ እኔ በቃኝ።»

«ብዪ፣ ብዪ። ድምፅሽ ይለስልስ። ሀገር የሚጠብቀው እሱን ነው።»

በሦጋ ወንዝ ድልድይ ላይ የራስ ደምሳሽ ጭፍሮች ጠበቋቸው። ትርንጎ ያን ቀን የሠራችውን ሥራ ያየ ሰው ለልጅ ልጁ ይነግራል፤ ፊተኛውን ከነጋሻው ወንዝ ጣለችው፣ ሁለተኛውን በጦሯ ዘንግ ከድልድዩ እንጨት ጋር አጣበቀችው፣ የቀሩት እግራቸውን ብቻ አምነው ሸሹ። በድልድዩ ሥር ታስረው የነበሩ ሸማኔዎችም ተፈቱ። ተፈትተውም ምን አደረጉ? በትርንጎ አጠገብ አልፈው ሄደው የእልፍነሽን ጉልበት ሳሙ።

ትርንጎ ደሟን ከክንዷ እየጠረገች አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አያ ጎርፉ ወገቡን እየያዘ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ትርንጎ፣ ልጄ።»

«ምን አያ?»

«ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ጭነት አስሬበታለሁ።»

ዓይኗ ቀላ። «ጭነት እኮ ናት! ከልጅነቴ ጀምሮ ማን ነው የተሸከማት? ታዲያ በጭነት ቋጠሮ ብትታሰር ምን ያስቆጣል?»

«ሽሙጡን ለገበያ አቆይው። ልጅቱ ያ ነገር አንገቷ ላይ ስላለ ነው የምትራመደው።»

«እንግዲያው ንገራታ!»

«እኔ አልቋጠርሁት። የሠራሽውን አንቺው ንገሪያት» አለና ተነሥቶ ወደ በቅሎው ሄደ።

አልነገረቻትም። ዝም አምባን ሲወጡ እልፍነሽ የእህቷን ኩታ ከኋላ ይዛ ትከተላት ነበር። «እታለም» አለቻት፣ «ሰዉ ደፋር ይለኛል። እኔ ፈሪ ነኝ። ልሳን በሉ በሕልሜ ይመጣል። አንቺን አንገቴ ላይ ስዳስስ ብቻ ነው የሚለቀኝ።»

ይህ ቃል ትርንጎን እንደ ጋለ ምጣድ አቃጠላት። አዘነች፤ ነገር ግን ከሐዘኑም ሥር ቅናቱ ነበር። ፈሪነቷን እንኳ እንዴት አሳምራ ትናገረዋለች! አፏን ከፈተች፤ ኩራቷ መልሶ ዘጋው።

በቀትር አምባው ጫፍ ደረሱ። በዚያ ወፍ አይጮህም፤ ነፋሱም ያለ ድምፅ ያልፋል። ደወሉ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ራስ ደምሳሽ በወርቅ ለምድ ቆሟል፤ ልሳን በሉም በእግሩ ሥር ተጋድሟል። ጭፍሮቹ ዙሪያውን ከበቡ። ትርንጎ ጦሯን ስታነሣ መስፍኑ ፈገግ አለ።

«ጀግናዪቱ ትርንጎ!» አለ። «የድልድዩን ሥራሽን ሰምቻለሁ። ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም። በእኔ ዘንድ ብትሆኚ የጦር አለቃ በሆንሽ፣ ስምሽም በነጋሪት በተጎሰመ ነበር። በእነሱ ዘንድ ምን ሆንሽ? የበቅሎ ቀላቢ!»

ዕውነቱን ነው፤ ዕውነት ደግሞ ከጠላት አፍ ሲወጣ ይብሳል።

መስፍኑ ዓይኑን በእልፍነሽ አንገት ላይ ተከለ፤ የጭነት ቋጠሮውን ለይቶም ሳቀ። «ለካ ልብሽ አስቀድሞ ከእኔ ጋር ነበር! እቴ እልፍነሽ፣ እስቲ ያን ጫፍ ሳቢው። እህትሽ ያሰረችልሽን ተመልከቺ።»

እልፍነሽ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጫፉን ሳበችው። ቋጠሮው ተተረተረ፤ ሁለቱ ጥለቶች በእጇ ላይ ተለያይተው ቀሩ። እህቷን አየቻት። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። የምትጮኽበት ድፍረት ግን ጥሏት ሄደ።

«እታለም?»

«አዎ!» አለች ትርንጎ። «እኔ ነኝ! ቀንቼ ነው። በሹሩባሽ ቀንቻለሁ፣ በማርሽ ቀንቻለሁ፣ ሰው ጉልበትሽን በሳመ ቁጥር ጉልበቴን አሞኛል። አሁንም፣ እዚህ ሞት ፊት ቆሜ፣ እቀናለሁ! ቅናቴን ተይው ብትዪኝ አልችልም። ግን የምቀናበትን ነገር ውሻ እንዲበላው አልሰጥም! አምጪው!»

ጥለቶቹን ከእጇ ነጠቀቻት። መስፍኑ አውሬውን ጠቀሰው፤ ልሳን በሉ ክንፍ እንዳለው ተፈናጠረ። ትርንጎ በጥርሷና በእጇ፣ ደም እስኪወጣት፣ በቢላዋ ካልሆነ የማይፈታውን ቋጠሮ ቋጥራ በእልፍነሽ አንገት አጠለቀች፤ «ወደ አንቺ የተወረወረ በእኔ ይረፍ!» ብላም ጮኸች፤ «ጩኺ አንቺ ፈሪ! ጩኺ!» ስትልም ገፈተረቻት።

እልፍነሽ ደወሉ ፊት ወድቃ ተነሣች። «አቤት!» አለች። «ስለ ምንጩ አቤት! ገደል ስለ ተሰደዱት አቤት! ድምፃቸው ስለ ተዋጠው አቤት!»

የአውሬው መንጋጋ በእልፍነሽ ጉሮሮ ላይ ተገጠመ። የተዋጠው ድምፅ ግን የትርንጎ ነበር።

ልሳን በል ብዙ ድምፅ ውጧል፤ የጻድቃንን፣ የየዋሃንን፣ የአልቃሾችን። እንዲህ ያለ ግን ቀምሶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሽሙጥ፣ ያ ሁሉ ምሬት፣ በልጅነት የተጀመረው ቅናት ሁሉ እንደ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቆመ። አንገቱን እያወዛወዘ ሊተፋው ሞከረ፤ አልወጣለትም። ታንቆ ሞተ።

ደወሉም ነቃ። ድምፁ ከአምባው ወርዶ ወንዙን ተሻገረ፤ የተዘጉ በሮችን አንኳኳ። በቤተ መንግሥቱም አዛውንቱ የናርዳ ንጉሥ አፄ ኢያሪም ከማዕድ ላይ ብድግ ብለው «ወጥቻለሁ!» ሲሉ ተሰሙ። ጭፍሮቹ ደወሉ እየጮኸ አቤት ባይን የሚነካ ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉና መሣሪያቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ራስ ደምሳሽ ሊሸሽ ፊቱን ሲያዞር፣ የትርንጎ ጦር የወርቅ ለምዱን ከድንጋዩ ጋር ቸነከረው። ምን እንደምትለው ሁሉም ጠበቁ። አፏ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም።

እልፍነሽ እህቷን አቅፋ አለቀሰች። ትርንጎ በክርኗ ጎሸመቻት፤ አቤቱታው ገና አላለቀም፣ ደወሉ እየጠበቀ ነበር።

ራስ ደምሳሽ በሸንጎ ተፈረደበት፤ ምንጩም ለሸማኔዎቹ ተመለሰ። አፄ ኢያሪምም ዘውዳቸውን አውልቀው «ከእንግዲህ የአንድ አቤት ባይ ቁራኛ አንድ ሰው አይሁን፤ መንደሩ ሁሉ ጥለቱን ይቅደድ፤ እኔም እቀድዳለሁ» ብለው ደነገጉ፤ በእጃቸውም ካባቸውን ቀደዱ። የተዋጠ ልሳን ግን አይመለስም። የትርንጎም አልተመለሰም።

በየሠርጉ የሚዘፈነው ስለ እልፍነሽ ነበር። ትርንጎ በየዘፈኑ መሐል ስሟን ትጠብቃለች፤ አንዳንዱ አዝማሪ «እህቷም አብራ ነበረች» ብሎ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ዓይኗን ያየ ሰው ጦሯ የት እንዳለ ቀስ ብሎ ያጣራል።

አንድ የገበያ ቀን እልፍነሽ በደወሉ ሥር ተቀምጣ ባለ ጉዳይ ስትሰማ፣ ባሏ በወኅኒ የጠፋባት አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ሰልፉን አየች። አልተሰለፈችም። አልፋ ሄዳ ከጥግ ጦሯን የምትስለው ትርንጎ ፊት ቁጢጥ አለች፤ በሆዷ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችላት። ትርንጎ መሳሏን ትታ ሰማቻት። ጀምበር አዘቀዘቀች፤ ሴትዮዋ አልጨረሰችም። ሲጨርሱ ተያይዘው ተነሡ፤ ትርንጎ ጦሯን አነሣች፤ አቅጣጫቸው ወደ ወኅኒው ነበር።

እልፍነሽ ሰልፉን ጥላ እየሮጠች ደረሰችባቸው። «እታለም! ምን ነገረችሽ?»

ትርንጎ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ቆይ፣ እኔን ለምን አልነገረችኝም? እኔ አይደለሁም እንዴ አቤት ባይዋ?» ጉንጯ ቀልቷል፤ ከንፈሯ እንደ ሕፃን ሾሏል። ወደ ሸክላ ሠሪዋም ዞረች። «እትዬ፣ ምነው እኔ ጋ አልመጣሽም?»

ሸክላ ሠሪዋ አፍራ መሬት መሬት አየች። «አይ እመቤቴ... እርስዎ ዘንድ ሰው ይበዛል።»

ትርንጎ እህቷን ከጠጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፤ ያን የቀላ ጉንጭ፣ ያን የሾለ ከንፈር ለይታ ታውቀዋለች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ሳቀች፤ እየሳቀችም መንገዷን ቀጠለች። እልፍነሽም እየተነጫነጨች ከኋላዋ ተከተለች።