ኮከብ የጠፋበት ስልክ

ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ስትሸፍን ትውላለች፤ የራሷ መስኮት ግን ራቁቱን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ሊያያት! ቤቷ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። አንዱ የታላቅ እህቷ ነበር። እህቷ ካቻምና አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ የታጠበ ልብስ ማጠፊያ ሆኗል።

እህቷ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «የኔ ቆንጆ፣ ደህና ነሽ? በላሽ? ቆይ፣ ልጁ አለቀሰ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትላለች። አትደውልም። አይፈረድባትም፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ምን ታድርግ!

አንድ ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋና ልብስ ልታወርድ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቀና ስትል ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በኮከብ ሞልቷል። እንዲህ የሞላ ጎረቤት እያላት አንዱን እንኳ በስም አታውቅም። ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ሆዷ ባባ። ባለቁልፉ ስልኳ ደግሞ ባትሪው አልይዝ ካለ ሰንብቷል። በሳምንቱ ቅዳሜ ስልክ መሸጫ ሱቅ ገባች።

ሻጩ ባለመነጽር ነው። ረጋ ያለ፣ እጁ የማይቸኩል ሰው።

«ምን ልርዳሽ እህቴ?»

«ኮከብ የሚያሳይ ስልክ እፈልጋለሁ።»

ሌላ ቢሆን ይስቅባት ነበር። እሱ አልሳቀም። «የሚያሳየው አፑ ነው። ግን ስልኩ ኮምፓስ ከሌለው አፑ ዕውር ነው። ነይ፣ ይሄኛው አለው» አላትና ሦስት አፕ ጭኖ አስያዛት። ሁለቱም ስልኩን ወደ ሱቁ ኮርኒስ ቀስረው ቆሙ።

የመጀመሪያው አፕ ጨረቃ አሳይቷት ሳያበቃ የሳሙና ማስታወቂያ ደቀነባት።

«ጨረቃም ልብስ ታጥባለች እንዴ?» አለች።

መነጽሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። እሷም ሰው ካሳቀች ስንት ጊዜዋ! ሁለተኛው አፕ ሥዕሉ ልብ ይሰርቃል፤ ግን ኮከብ በነካች ቁጥር ክፈይ ይላታል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት በለሆሳስ የኮከቡን ስም ጠርታ ስለሱ ማውራት ጀመረች። በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከአምስቱ ቃል አንዱ ቢገባት ነው።

«ይሄኛው ይሁን።»

«ይሄ እኮ ባትሪ ይፈጃል። ሁለተኛው ነው የሚሻልሽ።»

«ይሄ ያወራል» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ሊጠይቃት የፈለገው ነገር አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ ታያት። «ልክ ነሽ፣ ያወራል» አለና ሌሎቹን አጠፋላት።

ሰኞ ዕለት ለስልኩ ሽፋን ሠራችለት። የመጋረጃ ማሰሪያ ላይ የሚገባውን ጠፍጣፋ ማግኔት ከጀርባው በጨርቅ ለብጣ ሰፋችበት። ስልኩ የልብስ ስፌት ማሽኗ ብረት ላይ ልጥፍ ብሎ ይቆምላታል፤ እጇ ሥራ ላይ ሆኖ ሰዓት ታይበታለች። ብልሃቷን እሷም ወደደችው።

ኮከቡ ግን ጠፋ። ጣሪያው ላይ ሆና ስልኩን ስታነሳ የአፑ ሴትዮ «ይሄውልሽ» የምትላት ደማቅ ኮከብ የውሃ ታንከሩ ጎን ነው። እዚያ ምንም የለም። ኮከቡ ከኋላዋ ቦግ ብሎ በርቷል።

ቅዳሜ ወደ ሱቁ ተመለሰች። ባለመነጽሩ ኮምፓሱን ለማስተካከል ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እያስመሰለ አወዛወዘው፤ እሷም አብራው አወዛወዘች። ሽፋኑን ሊያወልቅ እጁን ሲሰድ ግን ከለከለችው።

«ተወው በሞቴ፣ ጠርዙ ገና አልተቆለፈም፣ ይተረተርብኛል።»

ተወላት። ያን ቀን እውነቷን ነበር።

ማክሰኞ ማታ ጠርዙን ልትቆልፈው ሽፋኑን አውልቃ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብታነሳው ኮከቦቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሽፋኑን መለሰችው፤ ተሳሳቱ። አወለቀችው፤ ተስተካከሉ። ለካ ማግኔቱ ነው! ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋ። ስልኩ ደህና ከሆነ ቅዳሜ ምን ብላ ትሄዳለች?

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ተሠራች፣ ሽፋኑን አጠለቀችና «አሁንም አልሆነም» ልትለው ሄደች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ቅዳሜ አለፈ። እሱ በየሳምንቱ አዲስ ነገር አንብቦ ይጠብቃታል። ጎን ለጎን ቆመው ኮርኒሱን ያያሉ። አንዳንዴ ትከሻቸው ሊነካካ ይደርስና ሁለቱም ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። እሱ ከእናቱ ጋር እንደሚኖር ነገራት። እሷ ግን ልክ የራሷን ልትነግረው ስትል «ኮምፓሱስ?» ብላ ታመልጣለች። ሊያወልቅ በሞከረ ቁጥር ደግሞ ለሽፋኑ አንድ ሰበብ አታጣም። ቤቷ ስትገባ ራሷን ትረግማለች፤ ዓርብ ሲመሽ ግን ሁሉንም ትረሳዋለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ከሩቅ ሲያያት ፈገግ አለ። አዲስ ስልክ ይዟል።

«ስልክሽ ከፋብሪካው ሲመጣ ጀምሮ ብልሹ ነበር ብዬ ፈርሜ በሌላ አስቀየርኩልሽ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ አትደክሚም።»

ልቧ ስንጥቅ አለ። ሰው ደስታ ሊያካፍላት ቆሞ እሷ ለቅሶ መጣባት። «እግዜር ይስጥህ» አለች፤ ሽፋኑን ራሷ አውልቃ የድሮውን ስልክ አስረከበችውና ወጣች።

ያ ሳምንት አላልቅ አለ። ማታ ማታ ሴትዮዋ የኮከቦቹን ስም አንድ በአንድ በትክክል ጠራችላት። ጣሪያው ላይ «እሺ» እያለች ስትመልስላት ራሷን ሰማችና ደነገጠች። ቅዳሜ ሲደርስ አዲሱን ስልክ ያንኑ ሽፋን አልብሳ ሄደች። ወይ ጉዷ!

«ይሄም ይሳሳታል» አለችው።

ፊቱ ዳመነ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ ከጓዳ ወጣ።

«የመለስከው ስልክ ተመርምሮ መጣ። ከኔና ካንተ የበለጠ ጤነኛ ነው! በምን ዓይንህ አይተህ ነው የፈረምከው?»

«ጌታዬ፣ ስድስት ጊዜ ፊቴ ተሳስቷል።»

«ሽፋኑን አውልቀህ አይተኸዋል?»

«አላወለቅኩም» አለ ባለመነጽሩ። ሽፋኑን እንዳያወልቅ የለመነችው እሷ እንደሆነች አልተናገረም። ቀና ብሎም አላያትም።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሽፋኑን አውልቃ ማግኔቱን በጣቷ እየጫነች አሳየቻቸው። «እሱ ምንም አላጠፋም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር። እንዳያወልቀው የለመንኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቀሽ? ለምን ብለሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። እሷ የምታየው ግን አንዱን ብቻ ነው።

«ቅዳሜ የምሄድበት ስለሌለኝ ነው። እሱ ደግሞ... እሱ ደግሞ ያዳምጠኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢሆንም ሽፋን ሳያወልቅ መፈረሙ ጥፋት ነውና ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን እንዲወርድ አዘዘ። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ አገላበጠው።

«ማታ ማታ ስላንቺ ስልክ ሳነብ ነበር የማመሸው» አላት። «እናቴ ፈተና አለብህ እንዴ እስክትለኝ። መሳቂያ አደረግሽኝ።»

«አልሳቅኩብህም። እውነቴን ነው፣ አልሳቅኩም።»

አዲሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ በሩ ላይ ተከትሎ መልሶ ሰጣት። «ያንቺ ነው» አለ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ሦስት ሳምንት ጣሪያ አልወጣችም። የሚያወራውን አፕ አጠፋችው። ቅዳሜን በእንቅልፍ ልታሳልፈው ሞከረች፤ እንቅልፍ እምቢ አለ። እህቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» አለቻትና ራሷ ቀድማ ዘጋች። እንደዚያ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ድሮ የሚጎድላት ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ አሁን መልኩን ታውቀዋለች።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ጋር ሄዳ ቆመች።

«እትዬ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ይፍቀዱልኝ።»

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«አላመመኝም። ሰው ልጠይቅ ነው።»

እትዬ አፋቸው ውስጥ የያዙትን መርፌ አውጥተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እሰይ! እስክትጠግቢ ቆዪ» አሉ።

መጋዘኑ ሱቁ ጀርባ ነው። ባለመነጽሩ ካርቶን እየደረደረ አገኘችው። መነጽሩ አቧራ ጠጥቷል።

«ስልኩ ደግሞ ምን ሆነ?» አላት ሳይዞር።

«ምንም አልሆነም። ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

መንገድ ላይ ሦስት መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሦስቱም ውሸት ናቸው።

«አንተን» አለች። «ናፍቀኸኝ ነው። ብቸኝነት መሮኛል፤ ግን ለብቸኝነቱ ብቻ ቢሆን ሌላ ሰው አላጣም ነበር።»

ዞረ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ይባስ አቆሸሸው። ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል። እስኪያበቃ ሁለቱም ጠበቁ።

«እኔ እኮ አሁንም እንደተቀየምኩሽ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቂም ቶሎ አይለቀኝም። እናቴን ጠይቂ።»

«እጠብቃለሁ።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከተደረደሩት ካርቶኖች አንዱን ሳበና አቧራውን በመዳፉ ጠረገላት።

«ይሄኛው ውስጥ የሚሰበር ዕቃ የለም» አላት።

ተቀመጠች፤ እሱም ካጠገቧ ተቀመጠ። የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው። ብዙም አላወሩም፤ እሱ ግን ሥራ አለኝ ብሎ አልተነሳም።