የጠወለገው የቃሪያ መደብ

«ጠብቃቸው አልኩህ እንጂ አስጥማቸው መቼ አልኩህ?»

ልጅቷ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ስትከተው እስከ አንጓው ጭቃ ዋጠው። ከፍሬ አብቅላ፣ የበጋውን ሐሩር በአሮጌ መጋረጃ ጥላ ሠርታ ያሳለፈቻቸው ቃሪያዎች በትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር አንገታቸውን ደፍተዋል።

በቁመቱ የተነሳ ሁሉም «ቀጭኔ» የሚለው የክፍል ጓደኛዋ ባልዲውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ። እሷ ታማ ስትቀር የትምህርት ቤቱን መደብ አደራ የተቀበለው እሱ ነበር።

«ጠውልገው አየኋቸዋ! የጠወለገ ነገር ውሃ አይደል እንዴ የሚፈልገው?»

«በክረምት? ሰማዩ ሲያጠጣ አድሮ አንተ ጠዋት ትደግማለህ? ግቢው እንዳለ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ እዚህ ይተኛል። ሥሩ አየር ካጣ መሳብ ያቆማል። የጠማውም የሰመጠውም እኩል ይጠወልጋሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ አፈሩን የሚነኩት።»

«በቃ ገባኝ፣ ዶክተር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቲቸር ግን በረዶ መታቸው ብያለሁ። አደራ፣ እንዳታስበዪኝ።»

ወዲያው የሳይንስ መምህሯ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ደረሱ።

«አይዟችሁ ልጆች» አሉ መደቡን እያዩ። «በረዶ የሰባበረው አይድንም። ዛሬ ንቀሉት፤ ቦታው እንደ ሌላው ሲሚንቶ ይፈስበታል።»

ቀጭኔ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። እሷ ዝም ካለች ቃሪያዎቹ መነቀላቸው ነው፤ ከተናገረች ደግሞ ውሸቱ ይወጣል። ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል ቀነጠሰች።

«ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ። በረዶ የመታው ይበሳል፣ ይቀደዳል። ይሄ ድፍን ነው። ውሃ በዝቶበት ነው እንጂ አልሞተም። ወደ ፍሳሽ መውረጃው ቦይ ከቀደድንለት ያገግማል።»

መምህሯ ቅጠሉን በብርሃን አገላብጠው አዩት። «እውነትሽን ነው። ታዲያ ውሃውን ማን አበዛው?»

ስለ ቃሪያዎቹ የምታውቀውን ተናግራለች። የቀረውን መናገር የእሷ አልነበረም። ሁለት ዶማ አምጥታ አንዱን ግንቡ ላይ አስደገፈች፣ በሌላው ጭቃውን መቆፈር ጀመረች።

«ቲቸር…» አለ ቀጭኔ ከኋላዋ፣ ባልዲውን ከጀርባው አውጥቶ።

ዞር አላለችም። ሁለተኛ ሰው የሚቆምበትን ያህል ቦታ ለቀቀችና ቦዩን መቅደድ ቀጠለች።