ጉራች ወደ ሜዳ ሲመለስ

ከፊቷ የቀሩት ሁለት ፈረሶች ብቻ ናቸው። ባሲማ ልጓሙን ላላ አድርጋ በፈረሷ በጉራች አንገት ላይ ተደፋች። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ በአረፋ ማግስት፣ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጮሃል። ሴት ጋላቢ እሷ ብቻ ናት። ጩኸቱ ግን ለሌላ ሰው የሚጮህ ያህል ነው የሚሰማት።

የአራት ዓመቱ ጉራች አሸንፎ አያውቅም። አምና የፊት እግሩ ወለም ብሎት ሰባት ወር ከሜዳ ርቋል። በፊት የሚጋልበው ታላቅ ወንድሟ ጠልሐ ነበር፤ እግሩንም ሲያሸው የከረመው እሱ ነው። አንድ ጠዋት «ወረኢሉ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሏት ወጣ። በሳምንቱ ከጅቡቲ ደወለ። አሁን ሳዑዲ ነው። ባሲማ ያኔም አላለቀሰች፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰችም። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ፈረሱን ታጠጣለች፣ ጠልሐ ሲደውል «የቤት ሥራ አለብኝ» ብላ ከቤት ትወጣለች።

አንዱን ፈረስ አለፈችው። ሌላኛው ግን የመጨረሻውን መስመር ቀድሟት አለፈ።

ወርዳ የጉራችን እግር ዳበሰች። አላበጠም። አባቷ መሐሙድ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ መጣ።

«ጠልሐ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሥር ቀን ታሞ ተኝቶ ነበር። አንደኛ ወጣ በዪው ልጄ፤ ልቡ ደስ ይበለው።»

ስልኩን ተቀበለች።

«ባሲማ? አንቺ ነሽ የጋለብሽው?» የጠልሐ ድምፅ ሰልሏል።

«እኔ ነኝ።»

«አሸነፈ?»

አባቷ ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ ያያታል። «አዎ» ብትል ወሬው እዚያው ያልቅ ነበር።

«ሁለተኛ ወጣ» አለች።

አባቷ ፊቱን አዞረ።

«በምን ያህል?» አለ ጠልሐ።

«በአንድ አንገት ርዝመት።»

«አቦ፣ በአንገት ብቻ? እግሩስ?»

«አላነከሰም።» ልጓሙን ሰበሰበች። «ገበያ ነው ያልከኝ።»

«አዎ» አለ ጠልሐ። «ዋሽቼሻለሁ።»

እንባዋ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። አባቷ ስልኩን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለችው። በአንድ እጇ ልጓሙን ይዛ፣ የፈረሱ ላብ እስኪደርቅ በሜዳው ዳር ቀስ ብላ ትመራው ጀመር።

«ሲነሳ ዘገየ» አለች በስልኩ። «ከመጀመሪያው ልንገርህ።»