ለባለቤቱ ያምርበት

«ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አለ አጎቷ ሸውቂ፤ ነርሚንም ወሰደችው።

ጥፋቱ ይኸው ነው። ዕለቱ አርብ ነበር። ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ ቀርቧል። ከዓሣው ሳህን አጠገብ ደግሞ ከኩዌት ከመጣ ገና ሦስተኛ ቀኑን የያዘው የሸውቂ ስልክ ተቀምጧል። የዘንድሮው ነው፤ እስክንድርያ ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ በሰው እጅ ገና ብዙም አልታየም። ነርሚን «አጎቴ፣ እንዴት ያምራል!» አለች። እሱም ጨዋ ሰው የሚለውን አለ።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። «ለባለቤቱ ያምርበት» ይባላል፣ ዕቃው ባለበት ይቀራል፣ ምሳው ይቀጥላል። የታክሲ ሹፌር እንኳ ሒሳብ ስትሰጡት «ተዉት፣ በእኛ ይሁን» ይላችኋል፤ እውነት መስሏችሁ ሳትከፍሉ ብትወርዱ ግን እስከ ባሕሩ ዳር ያባርራችኋል።

ነርሚንም አሥራ አምስት ዓመቷ ነውና ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ስለዚያ ዓይነት ስልክ ወር ሙሉ ከራሷ ጋር ስትከራከር ከርማለች። የራሷ ስልክ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፣ የሒሳብ መምህሩን ቪዲዮ ያሳያል፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ፎቶው ደግሞ ይደበዝዛል። ቤት ስትሆን «ይበቃኛል» ትላለች፤ ትምህርት ቤት ስትደርስ አይበቃትም። ስለዚህ እጇ ከአፏ ቀደመ።

«እውነትህን ነው?» ብላ ተነሳችና ጉንጩን ሳመችው።

ሸውቂ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

«እውነቴን ነዋ! ለእህቴ ልጅ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ሲም ካርዱን ለማውጣት ከእናቷ መርፌ ተዋሰ። ቀዳዳዋን ሁለት ጊዜ ሳታት።

ምሳው ሲነሳ እናቷ ኢንሳፍ ወጥ ቤት አስገብታ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ምን ነካሽ አንቺ? ሼም የሚባል ነገር የለሽም?»

«ውሰጂው አለኝ እኮ!»

«ይላላ! ሰው ይላል! እኔስ ባለፈው ለታችኛዋ ጎረቤታችን መጋረጃውን ውሰጂው ብያት የለ? ነቅላው ሄደች?»

«እሺ፣ ልመልስለት።»

«እንዳትሞክሪው! እጁን ዘርግቶ ከሰጠሽ በኋላ? ‹አቅም የለህም› ልትይው ነው? አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር የለፋ ሰው ነው። አንዴ አዋርደሽናል፣ ሁለተኛውን ተይልን።»

ነርሚን ቁንጥጫው ቢያማትም ውስጧ ደስ አላት። የሚመለስ አይደለም ማለት ነው።

እሑድ፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። የክፍሉ ልጆች ፎቶ ሲነሱ ማን መሃል፣ ማን ዳር እንደሚቆም የምትወስነው ሪሃም ናት። ነርሚን እስከዚያ ቀን ቦታዋ ዳር ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም የሪሃምን ስልክ ይዛ ታነሳለች እንጂ አትነሳም።

«እንዴ! ያ ሬሳ ተቀበረ?» አለች ሪሃም አዲሱን ስልክ እያገላበጠች። «ነይ፣ ነይ መሃል ግቢ። ገና አሁን ሰው ሆንሽ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ነርሚንም ሳቀች። ቤት ከገባች በኋላ ነው ነገሩ የከነከናት። እስካሁን ምን ነበርኩ ታዲያ? ስልኩን ከፍታ ፎቶውን አየችው። ጥርት ያለ ነው፤ የሪሃም ፈገግታ ውስጥ ያለው ፌዝ እንኳ አልተደበቀም። ከዚያ በተረፈ ያው መልእክት፣ ያው ቪዲዮ፣ ያው የማይገባት ሒሳብ። ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው? ብላ በራሷ ተናደደች። ያም ሆኖ ሰኞ ይዛው ሄደች፤ ማክሰኞም። መሃል መቆም ደስ ይል ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል በሳህን ሞልታ «ለአጎትሽ አድርሺለት» አለቻት። ሸውቂ ያረፈው እነነርሚን በሚኖሩበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሟች አያቷ ቤት ነው። ነርሚን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ድምፁን ሰማችው። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ስለሚል ደረጃው ላይ ወጥቶ በአንዲት አሮጌ የቁልፍ ስልክ እየጮኸ ነበር።

«መኪናውን ለሌላ ሹፌር እንዳትሰጥብኝ፣ አደራ… አውቃለሁ፣ መተግበሪያው ካልተጫነ ተሳፋሪ አይላክልኝም። በዚች በቁልፏ እንደማይሆን አጥቼው ነው? እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ፣ ከሆነ ቦታ አንድ ስልክ አገኛለሁ… የነበረኝንማ የእህቴ ልጅ ወሰደችው። ‹ውሰጂው› አልኳታ! ምን ልል ኖሯል?… አዎ፣ የመጨረሻ ደሞዜን የጨረስኩበት ነው። ከኩዌት አሮጌ ስልክ ይዤ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?… ኧረ አልመለስም፣ አሰናብተውናል ስልህ! ለቤተሰቡ እረፍት ነው ብያለሁ። በአላህ፣ ይሄ ነገር እኔና አንተ ጋ ይቅር።»

ነርሚን ሳህኑን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፊቷ ጋለ። ድምፁ ሲያቆም ግማሽ ፎቅ ወረደችና ጫማዋን እያንኳኳች፣ እየሳለች እንደገና ወጣች። ሸውቂ የቁልፍ ስልኳን ኪሱ ከቶ በፈገግታ ጠበቃት።

«አሃ፣ ባለ ስልኳ! እንዴት ነው፣ ተስማማሽ?»

«በጣም» አለች። ቃሉን መልሳ መዋጥ ነበር ያሰኛት።

ለእናቷ እንዳትነግር፣ እሱ ነገሩ ሚስጥር እንዲሆን ሰውየውን ለምኗል። ዝም እንዳትል፣ ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት እንኳ ሳትገባ አራተኛ ፎቅ ወጣች።

«አጎቴ፣ ስልኩን ውሰደው። ያንተ ነው።»

«ለባለቤቱ ያምርበት» አለ ቶሎ ብሎ።

«የምሬን ነው።»

«እኔስ? የምሬን እኮ ነው የሰጠሁሽ።»

«ግን እኔ የድሮው ይበቃኛል። በአላህ ውሰደው።»

«ነርሚን፣ ልንጣላ ነው?» ዓይኑ ስልኩ ላይ አንድ ጊዜ አረፈና ተመለሰ። «እኔ ወሩን ሙሉ እረፍት ላይ ነኝ፣ ስልክ ለምኔ ነው? ልተኛበት?»

«የምሬን ነው» የሁሉም ሰው አባባል ነው። «በአላህ ውሰደው»ም እንደዚያው። የቱንም ያህል ብትለምነው እሱ ጨዋ ሰው የሚመልሰውን እየመለሰ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል፤ ተርቦም ቢሆን ያንኑ ይላል። «ደረጃው ላይ ስትናገር ሰምቼሃለሁ» ብትለው ደግሞ ከስልኩ ሌላ የቀረችለትን ክብርም መውሰዷ ነው። ስልኩን ይዛ ወረደች፤ ደረጃው መሃል ተቀምጣም አለቀሰች።

የዚያን ዕለት ስልኩ ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋች። መሃል የቆመችባቸው ፎቶዎች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

አርብ ምሳ ላይ እንደገና ዓሣ ነበር። ሸውቂ ስለ ኩዌት ሙቀት እየቀለደ ሳለ ነርሚን ስልኩን አውጥታ ሳህኑ አጠገብ፣ መጀመሪያ ከነበረበት ቦታ ላይ አኖረችው። እንደ ስጦታ ሊቀበለው እንደማይችል ገብቷታል። እንደ ስድብ ግን ይቀበለው ይሆናል።

«አጎቴ፣ ይሄን ነገር አልወደድኩትም።»

«ምኑን?» አለ አባባሏ ቀልድ መስሎት።

«ስልኩን ነዋ። ከባድ ነው። ቀለሙም የሽማግሌ ነው፤ ጓደኞቼ ሙድ ያዙብኝ። ባዶ አድርጌዋለሁ፣ ውሰደው።»

«ነርሚን!» አለች እናቷ።

ሸውቂ እጁን ወደ ስልኩ አልዘረጋም። አሁንም «ተይ፣ ይልመድሽ» ሊላት እንደሆነ ከፊቱ አነበበች፤ ፈራች። እናም ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ።

«ደህና ነገር መግዛት ካልቻልክ ምነው ቢቀርብህ?»

ሸውቂ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ስልኩን አነሳ፣ በመሐረቡ ጠረገው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ነርሚንን አላያትም።

«ኢንሳፍ፣ ልጅሽን በወጉ አላሳደግሻትም» አለና ሻይ ሳይጠጣ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ እናቷ በጥፊ መታቻት። ነርሚን አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ ሲም ካርዷን ወደ አሮጌው ስልክ መለሰችና እስኪነሳ ጠበቀች። ድሮም ሲነሳ ይዘገያል።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ ሸውቂ ታች አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ ሲገባ አየችው። ስልኩን መሪው አጠገብ ሰካው፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ቀና ሲል ተያዩ። እሱ ነው ቀድሞ ፊቱን ያዞረው። መኪናዋ ሄደች።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ሪሃም ነበረች፤ «ነገ ፎቶ አለ፣ ስልክሽን እንዳትረሺ» ይላል። ነርሚን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ማታ ሲገባ ወጥተሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ» አለች እናቷ ከኋላዋ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ሸውቂ ሆደ ቡቡ ነው። አንድ ቃል ብቻ በይው፣ እዚያው ይረሳዋል።»

ይረሳዋል። ነርሚንም ታውቃለች። ግንባሯን ይስማትና «አይዞሽ የእህቴ ልጅ» ይላታል፤ ከዚያ እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ይሰዳል። «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» ይላታል፤ ሊሰጣትም ይችላል።

«አልጠይቀውም» አለች።

«ልብሽ ድንጋይ ነው?»

ነርሚን ከመዘፍዘፊያው ውስጥ የአባቷን ሸሚዝ አነሳች፣ ጨመቀችና ገመዱ ላይ ዘረጋችው።