ሰባቱ የላሉ ሽቦዎች

ስለሚወዱት ሰው ክፉ ወሬ የሰማ ሁሉ አስቀድሞ «ይህ ወሬ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ፣ ንጹሑን ከደጅ መልሶ በደለኛውን ወደ ማዕድ ያቀርባል። የሚከተለው የአንዲት ነርስና የአንድ የብስክሌት ቸርኬ አቃኚ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ነርሷ ከጤና ጣቢያው በተሰጣት ብስክሌት ቤት ለቤት እየዞረች ከአልጋ የማይነሡ ሕሙማንን ትረዳ ነበር። አንድ ቀን የተጣመመ ጎማ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ አቃኚው ቤት ስትገባ፣ ሰውዬው ያየው እሷን ሳይሆን ጎማውን ነው።

«ከማን ጋር ተጣልተው ነው?» አላት።

«ከድንጋይ ጋር።»

«ድንጋዩስ ተረፈ?»

ሳቋን ዋጥ አደረገችው። የሳሎኑ ግማሽ መኖሪያ፣ ግማሹ መሥሪያ ነበር። ከአሮጌ ብስክሌት የተቆረጠ የጎማ መያዣ ሹካ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ታስሯል። ጎማውን እዚያ ላይ አስሮ በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ቸርኬው የሚያጋድልበትን ቦታ በጠመኔ ነክቶ፣ በትንሽ ቁልፍ አንዱን የጎማ ሽቦ ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል። ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ሩብ ዙር... አይቸኩልም። ነርሷ እንዲህ የሚታገሥ ወንድ አይታ አታውቅም ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብታ መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ጎማው ምንም አልሆነም፤ ደወሉ ላላብኝ ብላ ነው የመጣችው። ሁለቱም ደወሉ እንዳልላላ ያውቃሉ። ያን ቀን «እርስዎ» መባባል ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለመጋባት ተስማሙ።

ነርሷ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። የእህቷ ባል እናት ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው፤ የምታገላብጣቸውም የምታጥባቸውም ነርሷ ነበረች። የጋብቻውን ወሬ ሲሰማ የእህቷ ባል መረቃት፤ እንደ ወንድም ግንባሯን ሳማት።

ከዚያ በኋላ ጎማው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጣመመ። አቃኚው ሽቦው አርጅቶ ይሆናል እያለ አቃናው። ሕሙማኑ ቤት እየዘገየች በመድረሷ ኃላፊዋ ዳግመኛ ካረፈደች ከሥራ እንደምትሰናበት አስጠነቀቃት። ለሦስተኛ ጊዜ በተጣመመበት ቀን የእህቷ ባል ብቻዋን አገኛት።

«ሴት በብስክሌት ስትዞር የማይወድ ወንድ ብዙ ነው» አላት። «እሱ ስለ ሥራሽ ምን ይላል?»

«መንገዱ ያስፈራኛል ይላል፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ... እሱ የነካው ጎማ ለምን እንደማይድን አንቺው አስቢው። እኔ አላልኩም።»

ይህች ቃል እንደ አሸዋ ዐይኗ ውስጥ ገባች። የወደደችው ትዕግሥት ተንኮል መሰላት። ያን ቀን ቤቱ ሄዳ አቃኚው ጎማውን ሲያሽከረክር እሷ የምታየው ጣቶቹን ነበር።

«ይህን ድንጋይ አላጣመመውም» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ድንጋይ ቢመታው ቸርኬው ይሰረጉድ ነበር። ጎን ለጎን ያሉ ሰባት ሽቦዎች ናቸው የላሉት። የሰው እጅ ነው።»

«ሽቦ የሚያላላ ቁልፍ እዚህ ሰፈር ያለው ማን ነው?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ።»

«ሥራዬን እንድተው ብለህ ነው?»

ጎማውን እንደ ወትሮው አቃንቶ በሩን ከፈተላትና፣ የሚያላላው ሰው ገና አልተገኘምና መንገድ ላይ ተጠንቀቂ አላት። ይህንም እንደ ዛቻ ቆጠረችው።

በማግስቱ ቁልቁለት ስትወርድ ጎማው እንደ ቆርቆሮ ተጠቀለለ። ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ያላላው አቃኚው ነው ብላ አመነች።

ከሰዓት በኋላ እጇ በጀሶ ታስሮ ከእህቷ ባል እናት አልጋ ፊት ለፊት ተኛች።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ነፍስሽ ተረፈች፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የልጄም ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ።»

«የምን ልፋት፣ እማማ?»

«በዚህ መስኮት አየዋለሁ እኮ። ማለዳ እየተነሣ ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎማሽን ያጠብቅልሻል። ዛሬማ ተጣድፎ ጨርቁንም አልያዘም። አትንገሪያት፣ ታፍራለች ብሎኝ ነው እንጂ... ተባረክ ብዬዋለሁ።»

ነርሷ ተነሥታ ብስክሌቱ ወዳለበት ግቢ ወጣች። በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ጨርቅ ባልተጠቀለለበት ፒንሳ ጥርስ ታኝከዋል። የአቃኚው ቁልፍ ይዞ ይዞራል እንጂ አያኝክም። የተጠቀለለውን ጎማ በደህና እጇ እየጎተተች አቃኚው ቤት ድረስ ሄደች፤ አሮጊቷ ያሉትንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

አቃኚው ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ።

«ያን ቀን ስትጠይቂኝ መልሱን ይዘሽ ነበር» አላት።

«ይዤ ነበር። ይቅር በለኝ። አሁን ምንም ሳልይዝ ልጠይቅህ... ያ የተባባልነው አሁንም አለ?»

ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ የታሰረውን እጇንም ትራስ ላይ አሳረፈላት።

«አለ» አለ።

ጀሶው በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ተጋቡ።

ብስክሌቱ የጤና ጣቢያው ንብረት ስለ ነበር ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የእህቷ ባል ያደረገውን አልካደም፤ ነርሷ ካገባች እናቴን ማን ያነሣልኛል ብዬ ነው አለ። ዳኛው ለምን አልለመንካትም ብለው ጠየቁት። የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ሲፈታ ሚስቱ ሳፋውንና ፎጣውን ከእናቱ አልጋ ሥር አስቀምጣ፣ ከእንግዲህ የእናትህ ነገር ያንተ ነው ብላ ጠበቀችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱን የሚያጥበው እሱ ነው። እሳቸውም በየማለዳው «ቀስ በል፤ እሷ እንዲህ አታሳምመኝም ነበር» ይሉታል።