ታኮ የያዘው ሟች

ገብረ ሚካኤል የሞተው ከወገዳ በላይ ባለው ዳገት፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። የካራቫኑ ጀርባ ከመንገዱ ዳር ካለው አለት ጋር አጣብቆታል። አጠገቡ ታኮ ወድቋል፤ መኪና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚሸጎጥ እንጨት። ሰኔ 1977 ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት።

ካራቫኑ በጎ አድራጊዎች የሰጡት ባለ ጎማ ቤት ነው። ክሊኒክ ሆኖ፣ በአንዲት ፒካፕ እየተጎተተ፣ ኩፍኝ ልጆች ወደሚፈጅባቸው መንደሮች ይወጣል። ፒካፗ ግን ለዚህ ሸክም አልተሠራችም። ዳገት ላይ ትቆማለች፣ ከኋላ የሚከተል ሰው ታኮ ይሸጉጣል፣ ጥቂት ትወጣና እንደገና ትቆማለች። ጤና ረዳቱ ገብረ ሚካኤል፣ አንድ እግሩን እያነከሰ፣ ይህን ሥራ በፈቃዱ ይዞት ኖሯል።

መቶ አለቃ መልአኩ ለሌላ ጉዳይ ወገዳ ሰንብቶ ስለነበር ቶሎ ደረሰ። የወረዳው አስተዳዳሪ ጓድ አለሙ ግን ቀድሞት መካኒኩን ዳኘውን የፊጥኝ አሳስሮታል።

«የሞተሩን ናፍጣ የሚመጥነው ፖምፓ ማኅተም ተበጥሷል» አለ አለሙ። «ያለ ፈቃድ ማኅተም መንካት አሻጥር ነው። ሰው ሲሞትበት ደግሞ ያስረሽናል። ሪፖርትህን ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ።»

ሾፌሩ ዳምጤ ለመናገር አላመነታም።

«እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ገብረ ሚካኤል ከወንዙ ጀምሮ ታኮ ይዘው በእግራቸው ተከተሉኝ። እዚህ ስደርስ ጉልበቷ ከዳኝ። ይኼ የወፍጮ ጠጋኝ ነካክቷት! ፍሬኑም አልያዘ። ታኮውን ሳይሸጉጡ ደረስኩባቸው።»

ዳኘው ምንም አልነካሁም ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መልአኩ ውሸቱን አወቀ፤ ፍርሃቱንም አወቀ።

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። መልአኩ የሟቹን ሸራ ጫማ ገልብጦ አየ። ቀጥሎ በካራቫኑ ነጭ ፊት ላይ ያለውን ጥላሸት በጣቱ ጠርጎ አሸተተው።

ነርሷ ፈትለወርቅ እናቶችን ለመሰብሰብ በበቅሎ ቀድማ ወጥታ ነበር። ካራቫኑን ትናንት አመሻሽ ላይ ራሷ እንዳጠበችው ነገረችው። ጠዋት የሞተሩን ድምፅ ከላይ ሆና ሰምታለች፤ በኃይል መጣ፣ ቆመ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ብረት ጮኸ። ሌላም ነገር ነበራት። ዳምጤ ከሁለት ወር በፊት ደጊቱ የምትባል ሴት ገጭቶ ገድሎ አምልጧል። ገብረ ሚካኤል አብሮት ነበር። እስከ ሰኞ ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ ብሎታል፤ ይህን ለእሷ የነገራት ራሱ ሟቹ ነው።

እኩለ ቀን ላይ መልአኩ ሁሉንም ከዳገቱ ሥር ወንዙ ዳር ሰበሰበ። ታኮውን ለአንድ ጠንካራ አብዮት ጠባቂ ሰጥቶ ተከተለኝ አለውና መሪውን ራሱ ያዘ። ፒካፗ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ካራቫኑን እየጎተተች፣ አንዴም ሳትቆም ወጣች። ሰዎቹ እያለከለኩ ሲደርሱ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በእጅ ፍሬን ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ይህ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሊከተለኝ አልቻለም» አለ መልአኩ። «የሚያነክስ ሰው እንዴት ቻለ? ጫማውም ያን ሁሉ ጭቃ የረገጠ ጫማ አይደለም። ጋቢና ተቀምጦ መጣ። እዚህ ሾፌሩ አቆመ። ‹ታኮ ይሸጉጡ› አለው። ሲያጎነብስ ፍሬኑ ተለቀቀ። ፍሬኑ እንደሚይዝ አያችሁ።»

«ይህች መኪና እንዲህ ወጥታ አታውቅም» አለ ዳምጤ። «ከአደጋው በኋላ ነካክተዋታል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ዘበኛ አለባት። ትናንት በታጠበው ካራቫን ላይ ያየሁት ጥላሸት የዛሬ ጠዋት ነው። የሚገባለት ናፍጣ ከልኩ በላይ የተደረገ ሞተር ነው እንዲህ የሚያጠቁር።» ወደ ዳኘው ዞረ። «ጥላሸት ግን ቃል አይሰጥም። ሰው ያስፈልገኛል። ከተናገርክም ምንም ቃል አልገባልህም።»

ዳኘው ዓይኑን ከመሬት አነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ዳምጤ አርብ ገበያ ሄዶ ሳለ ማኅተሙን በጥሼ የናፍጣውን መጠን ከፍ አደረግሁ። የአየር ማጣሪያውንም ጠረግሁ። ካራቫኑን አስሬ ይህን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ጋሽ ገብረ ሚካኤል አብረውኝ ነበሩ። ‹ከእንግዲህ ታኮ መሸከም ቀረልኝ› አሉ።»

መልአኩ ዳምጤን አየው። «አንተ ታሪኩን ያሰናዳኸው ለደካማዋ መኪና ነው። ስትወጣ ጉልበቷ ተሰምቶሃል። ሌላ ታሪክ ለመፈለግ ግን ጊዜ አልነበረህም። ሰኞ ደርሶብሃል።»

ዳምጤ አለቱ ሥር ተቀመጠ።

«ደጊቱን አላየኋትም ነበር» አለ። ስሟን ያነሳበት ሰው አልነበረም።

የዳምጤ እጅ ታሰረ። አለሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ማኅተሙስ?»

መልአኩ ብዕሩን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማኅተሙንም ጻፈው።

አስከሬኑ ካራቫኑ ውስጥ ተጫነ። መልአኩ ገዳዩን ሊጠብቅ ከኋላ ስለተቀመጠ መሪ የሚይዝ ሰው ጠፋ። የዳኘውን እጅ ፈቱለት። ራሱም እስረኛ ሆኖ፣ ሌላውን እስረኛና ሟቹን ይዞ ወደ አውራጃው ከተማ ወደ ደብረ ታቦር ነዳ፤ ፒካፗም ዳገቱን አንዴም ሳትቆም ጨረሰችው።