በሐይቁ በኩል ያለው ቧንቧ

የሚለካውን ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማይለካውን ለቄሱና ለሼሁ ትቼዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፋብሪካዎችን የኃይል አጠቃቀም ስመረምር ቆይቻለሁ፣ ሰዎች በቀትር ውኃ ዳር አየን ስለሚሉት ነገር ሲያወሩ በትሕትና አዳምጥና ረስቼው እነሣ ነበር፣ የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደማላምነው አውቄ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የሆነው በሐይቅ ከተማ ዳርቻ ባለ አንድ የድንጋይ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሀጂ እንድሪስ የቆዩ ወዳጄ ናቸው። ድንጋዩን የሚጠርቡት መዶሻዎች በታመቀ አየር ነው የሚሠሩት፣ አየሩን የሚያምቀው ደግሞ አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው፣ እሱም ቀኑን ሙሉ እያጓራ እንኳ ከሰዓት በኋላ ግፊቱ ይወርድና መዶሻዎቹ ይደክማሉ። ሁለተኛ ኮምፕሬሰር እንዳያስገቡ የመብራቱ መስመር አይችልም ተብለዋል። ስለዚህ የከሰዓቱን ፈረቃ ሊዘጉትና ሠራተኞቹን ሊያሰናብቱ ወስነው፣ «ከመዝጋቴ በፊት እስኪ አንተም እየው» ብለው ጠሩኝ።

እመኑኝ፣ የታመቀ አየር የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ በማሽኑ ጥፋት አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ስለሚያፈስ፣ ማንም የማይጠቀምበት ቧንቧ ተሞልቶ ስለሚውል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አየርን እንደ ነፃ ነገር ስለሚቆጥረው ነው። የደረስኩት ዓርብ ነበር፣ ሠራተኞቹ ወደ ጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት ተሰልፈው በአየሩ ጎማ የልብሳቸውን አቧራ ያራግፋሉ።

«ይህ አየር የታመቀው ለድንጋይ ነው፣ ለልብስ ብሩሽ አለ» አልኩ።

«ታዲያ ጋሼ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ነጭ ሆነን ለሶላት ሶፍ እንግባ?» አለኝ አንዱ።

«ብሩሹንስ ለእሳቸው ስጧቸው፣ ፀጉራቸው ላይ አቧራ አለ» አለ ሌላው ሽበቴን እያየ፣ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሄዱ።

የዓርብን ቀትር የመረጥኩት አውቄ ነው። ማሽን ሁሉ ቆሞ ግቢው ጸጥ የሚለው ያን ጊዜ ነው፣ የሚያመልጥ አየር ደግሞ የሚገኘው በጆሮ ነው። አብራኝ የቀረችው በከሰዓቱ ፈረቃ ኮምፕሬሰሩን የምትጠብቀው ዘምዘም ነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ፈረቃው ከተዘጋ ሌላ መግቢያ የሌላት። የሳሙና አረፋ በባልዲ ይዛ ተከተለችኝ።

የአየር ማጠራቀሚያው ታንከር እንደሞላ ኮምፕሬሰሩን አጥፍተን ዋናውን ማብሪያ አወረድን። የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ መርፌ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፤ ማንም ሳይጠቀም የሚወርድ ከሆነ ያ ሁሉ ፍሳሽ ነው። ሹክሹክታ በሰማንበት መጋጠሚያ አረፋ እየቀባን፣ አረፋው በተነፋበት በጠመኔ ምልክት እያደረግን ሄድን፣ በመጨረሻም በሐይቁ በኩል ወደሚወጣው ቧንቧ ደረስን። ድሮ እዚያ መፍጫ ነበር፣ ማሽኑ ተነሥቶ ቧንቧው ቀርቷል፣ ጫፉም በብረት ክዳን፣ በታፖ፣ ተደፍኗል።

የዚህኛው ድምፅ ይለያል። የሚያመልጥ አየር ሳያቋርጥ ነው የሚያፏጨው፣ ይህ ግን ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ዘምዘም አረፋውን ቀባች። አረፋው አልተነፋም፤ ወደ ውስጥ ገባ።

ለማያውቀው ላስረዳ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ብዙ እጥፍ የታመቀ ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል እንጂ ከውጭ ምንም ሊስብ አይችልም፣ ይህ የእምነት ጉዳይ አይደለም። አረፋው ግን ገባ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነፋ፣ እንደገና ገባ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይሄ እኮ እንደ ተኛ ሰው ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሳሙናው ቀጥኖ ይሆናል፣ ጨምሪበት።»

«ጨመርኩማ። ዋጠው።»

ቧንቧውን ተከትዬ ወጣሁ። ሐይቁ እንደ ሰሌዳ ተኝቷል፣ በታፖው ዙሪያ ያለው ሣር አይነቃነቅም። ታፖው በዝገት ከቧንቧው ጋር አንድ ሆኗል፣ እጄን ሳሳርፍበት ከውስጥ በቀስታ መታኝ። ፀሐይ ያሞቀው ብረት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ብረቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

የማይሠራ ቧንቧ ይቆረጥ ማለት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር ነው፣ ስለዚህ ተመልሼ የዚያን በኩል ቫልቭ ዘጋሁት።

«ኧረ መርፌው ተጣደፈ፣ እየወረደ ነው» አለች ዘምዘም ከጌጁ ሥር።

ከፈትኩት። መርፌው ቆመ፣ ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«ማሽኑን ነካሽው?»

«ወላሂ አልነካሁም። እጄን ይዩት፣ ባልዲው ላይ ነው።»

ደግመን ሞከርን፣ ያው ሆነ። ሠራተኞቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ሁለታችንም መርፌው ላይ አፍጥጠን አገኙን።

በቀጣዩ ሳምንት ምልክት ያደረግንበትን ሁሉ ጠገንን፣ ያረጁ ጎማዎችንና ቫልቮችን አስቀየርኩ፣ ግፊቱንም ወደሚበቃው ዝቅ አደረግሁ። ልፋቱ ለውጥ አመጣ፣ ይህን በኩራት እናገራለሁ፤ ነገር ግን የሐይቁ በኩል ሲዘጋ መዶሻዎቹ ከሰዓት ላይ ይደክማሉ፣ ሲከፈት አይደክሙም።

«ለሀጂ ምን ሊሏቸው ነው?» አለችኝ ዘምዘም።

«ያየነውን።»

«ያየነውን ከሰሙ ፈረቃውን ብቻ አይደለም የሚዘጉት፣ ግቢውን ነው። እኔ ከነልጆቼ የት ልግባ?»

ለሀጂ የሐይቁን በኩል አትንኩት አልኳቸው።

«የማይሠራ ቧንቧ ይቆረጥ የምትለው አንተ አይደለህ?»

«ይኸኛው ይቆይ፣ እንደ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ ያገለግላል።»

ቧንቧው ለዚያ እንደማይበቃ አስልቼ አውቃለሁ። እሳቸው ግን አመኑኝ፣ ፈረቃውም ቀጠለ።

ባለፈው ሰሞን ዘምዘም ደወለችልኝ። ከሰዓቱን በሙሉ ኮምፕሬሰሩ አንዴም እንዳልተነሣ፣ መዶሻዎቹ ግን ሲሠሩ እንደዋሉ ነገረችኝ። ሀጂ ለመጣው ሁሉ የእኔን ሙያ እያወደሱ ነው፣ የሌሊት ፈረቃም ሊጨምሩ አስበዋል።

«ፈርቼ ቫልቩን ልዘጋው ሞከርኩ» አለች፣ «አልዞር አለኝ።»

«ዝጎ ይሆናል፣ ዘይት አድርጊበት» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ ያ ቫልቭ አዲስ ነው፣ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ስንገጥመውም በሁለት ጣት ይዞር ነበር።